ነርሷ መቼ ትማር?

አዲስ አበባ ወደ ዳር ስትሰፋ መጀመሪያ የሚደርሰው ቤቱ ነው። ቂሊንጦ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ሁሉም ጋ የሆነው ተመሳሳይ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ቆመ፣ ሰው ገባ፣ ሱቅና ፋርማሲ ተከተለ፣ ቆየት ብሎ ግራውንድ ላይ ክሊኒክ ተከፈተ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሸገር ከተማ በሚል አንድ አስተዳደር ሥር የገቡት ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላንም ታሪካቸው ከዚህ አይርቅም። እዚህ ዳር ላይ ልጅ በሌሊት ትኩሳት ሲይዘው ቀድማ የምታየው ባለሙያ ስፔሻሊስት አይደለችም። ዲፕሎማ ነርስ ናት። የቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 ጨርሳ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ተፈትና አልፋ፣ ክሊኒክ ወይም ጤና ጣቢያ የተቀጠረች ወጣት።

ይህን የምጽፈው ስለ እሷ ትምህርት ነው። ገና ኮሌጅ ሊመዘገብ ስለሚሄደው ልጅ ሳይሆን፣ አሁን ጋወን ለብሳ ሥራ ላይ ስላለችው።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሥራ ላይ ያለች የጤና ባለሙያ እንዳትማር የሚያደርጋት ዋናው ነገር የኮርስ እጥረት አይደለም። ኮሌጁ ሞልቷል። ክፍያው ከባድ ነው፣ እሱንም ቢሆን ግን ብዙዎች ተበድረውም ቆጥበውም ይከፍሉታል። የምታጣው ሰዓት ነው። ሰዓቷ ደግሞ በእጇ አይደለም፣ የዱቲ ስኬጁሉን፣ ማለትም የተረኝነት ፕሮግራሙን፣ በሚያወጣው ቀጣሪዋ እጅ ነው። ስለዚህ ኮሌጅና ቀጣሪ አንድ ጠረጴዛ ከበው፣ ያንን ስኬጁል መሃላቸው ዘርግተው ካልተነጋገሩ በስተቀር፣ ሥልጠና የሚባለው ሁሉ የሚካሄደው የነርሷን እንቅልፍ እየወሰደ ነው።

አሁን ያለው አካሄድ ይህን ይመስላል። ነርሷ ዲግሪ መያዝ ትፈልጋለች፣ ወይም ወደ አዋላጅነት መዞር ያምራታል። ቅዳሜና እሁድ የሚያስተምር ኮሌጅ ትፈልጋለች፣ የምታገኘውም ብዙ ጊዜ መሃል ከተማ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከኮዬ ተነስታ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ለመድረስ ሳይነጋ ታክሲ መሰለፍ አለባት። ዱቲዋን ከጓደኛዋ ጋር ትቀያየራለች። ዓርብ ሌሊቱን ስትሠራ አድራ ቅዳሜ ጠዋት ክፍል ትገባለች፣ እሁድ ማታ ደግሞ ጓደኛዋ የሸፈነችላትን ትመልሳለች። የተግባር ልምምድ ሲደርስ ኮሌጁ ከምትሠራበት ቦታ ውጪ ወደ ሌላ ጤና ተቋም ይመድባታል፣ ለእሱም የዓመት ፈቃዷን ትጨርሳለች። በሥራ ቦታዋ ቀኑን ሙሉ ደም ሥር ፈልጋ ግሉኮስ ስትሰቅል፣ ቁስል ስታጥብ፣ ግፊት ስትለካ የዋለች ሴት ናት እኮ። ያ ሁሉ ግን ለትምህርቷ አይቆጠርላትም፣ ምክንያቱም ኮሌጁና ክሊኒኩ ተነጋግረው አያውቁም።

ሌላም አለ። ብዙዎቹ መማራቸውን ለአሠሪያቸው አይናገሩም። መማር ስትጀምር ልትለቅ ነው ተብሎ ይታሰባላ። ስለዚህ ደብተሯን ቦርሳ ውስጥ ከትታ፣ ፈተና ሲደርስ ዘመድ ታሞብኛል ብላ ትቀራለች። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። የተሻለ ነርስ ለመሆን የምታደርገውን ጥረት፣ የተሻለች ነርስ ቢያገኝ ቀድሞ ከሚጠቀመው ሰው ነው የምትደብቀው። ታካሚውም ከዚህ ነገር ውጪ አይደለም። ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው የሕፃን መድኃኒት መጠን ሲያሰላ ሊሳሳት እንደሚችል ለማወቅ የጤና ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

መንግሥት ጤና ጣቢያ ያለችው ትንሽ ትለያለች። እዚያ የሥራ ላይ ሥልጠና የሚባል አለ። ሦስት ቀን፣ አምስት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ስለ ቲቢ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ። አበል ይከፈላል፣ ሰርተፊኬት ይሰጣል። ጥቅም የለውም አልልም። አዲስ የሕክምና መመሪያ ሲወጣ በሌላ መንገድ ቶሎ አይደርስም። የሙያ ፈቃድ ለማሳደስም ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ፣ ሁላችንም ሲፒዲ የምንለው፣ ግዴታ ሆኗል። ነገር ግን የእነዚህን ሥልጠናዎች ሰርተፊኬት አሥር ቢያከማቹ ከደረጃ 4 ወደ ሚቀጥለው እርከን አያወጡም። ለሥራ የሚያስፈልገው ሥልጠና በአንድ መንገድ ይሄዳል፣ እርከን የሚያስጨምረው ትምህርት በሌላ። ሁለቱ መንገዶች አይገናኙም። ማገናኘት የሚችሉት ደግሞ ቀጣሪና ኮሌጅ ናቸው፣ አብረው ካቀዱ።

ሕጉ ሐሳቡን ያውቀዋል። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ ቁጥር 954/2008 ኮሌጅና ቀጣሪ አብረው የሚሰጡትን የትብብር ሥልጠና ያነሳል፣ 70 በመቶ ተግባር 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ የሚለውን ደግሞ የቴክኒክና ሙያ ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይና የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። በወረቀት ሲታይ ኮሌጅና ቀጣሪ ጎረቤት ሆነዋል። ግን ይህ የትብብር ሥልጠና የሚባለው በተግባር የሚያስበው ገና ሥራ ስላልያዘው ተማሪ ነው። አፓረንትሽፕ፣ ማለትም የሥራ ቦታ ልምምድ፣ ወጥቶ ጤና ጣቢያ ጥቂት ወራት የሚያሳልፈውን ልጅ። ሥራ ላይ ላለችው ያው ስምምነት ይበልጥ ይቀላል፣ ምክንያቱም የሥራ ቦታው ተፈልጎ መገኘት የለበትም። አለ። ደመወዝም ትበላበታለች።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት ያኔ ከተማው ዳር ነበር። የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ ተሐድሶና ሥልጠና በአንድ ግቢ ውስጥ ሆነው፣ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ በሙያው ላይ ያሉ ሠራተኞች መጥተው ታካሚው አጠገብ እየተማሩ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። መማሪያ ክፍሉና ዋርዱ ግቢ ይጋሩ ነበር፣ አሠልጣኙም እዚያው የሚያክም ሰው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ትልቁ ምሳሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ከየአካባቢያቸው ተመርጠው የአንድ ዓመት ሥልጠና ወስደው በየጤና ኬላው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። ቆይቶ ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ደረጃ 4 እንዲያድጉ ተደረገ። ልብ በሉ፣ መልምሎ የላከው ቀጣሪው ነው፣ ያሠለጠኑት የክልል ጤና ሳይንስ ኮሌጆች ናቸው፣ ሠልጣኟም የተመለሰችው ወደ ሥራዋ ነው። ኮሌጅና ቀጣሪ ተስማምተው ሥራ ላይ ያሉ ሠራተኞችን በዚህ ብዛት ከፍ ማድረግ እንደሚችሉ ያየነው እዚሁ አገራችን ነው። ኬላው ባዶ ሳይሆን የተቻለውም አንዷ ስትሄድ ሌላዋ ስለምትቀር ይመስለኛል። የሁለት ሰው ምደባ ለሥልጠና ተብሎ አልተደረገም፣ ግን ሥልጠናውን ያስቻለው እሱ ነው። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

አሜሪካ ያለውን ብዙዎቻችን በዘመድ በኩል እናውቀዋለን። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የገባች የአክስት ልጅ መጀመሪያ ሲኤንኤ፣ ማለትም ነርስ ረዳት፣ ሆና አረጋውያን ቤት ትቀጠራለች። ለዚህ ሥራ የፌዴራሉ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ከዚያ እየሠራች አጠገቧ ያለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትመዘገባለች፣ ሜሪላንድ ከሆነች ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ቨርጂኒያ ከሆነች ኖቫ የሚሉትን የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነርስ ሆና ፎቶ ትልካለች። እነዚህ ኮሌጆች እንደ እኛ ቴክኒክና ሙያ ለአካባቢው ሰው የቀረቡና ዋጋቸው የቀለለ ናቸው። የመጀመሪያው የመንግሥት ባለ ሁለት ዓመት ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1901 ኢሊኖይ ውስጥ ጆሊየት ላይ ተከፈተ። የሁለት ዓመቱ የነርሲንግ ዲግሪ የመጣው ደግሞ ከሃምሳ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1952 በሙከራ መልክ ነው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነርስ ስላጠረ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ኮሌጁ ሳይሆን የገንዘቡ አወጣጥ ነው። ኒውዮርክ ላይ የሆስፒታል ሠራተኞች ማኅበርና አሠሪዎች ተደራድረው እ.ኤ.አ. በ1969 የሥልጠና ፈንድ አቋቋሙ። እያንዳንዱ ሆስፒታል ከሚከፍለው ደመወዝ ላይ የተወሰነ ድርሻ እያሰላ ያዋጣል። ጽዳት ሠራተኛዋም፣ ምግብ የምታመላልሰውም፣ ነርስ ረዳቷም ከዚያ ፈንድ ይማራሉ። ከዚህ ሌላ አንድ አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ቢከፍል ሠራተኛው ግብር አይቆረጥበትም። ትልቁ ነገር ማንም ሆስፒታል ለብቻው አለመሸከሙ ነው። የሠለጠነችው ነርስ ከአንዱ ሆስፒታል ወጥታ ሌላው ብትገባ እንኳ የሄደችው ወደ ሌላ አዋጪ ነው።

እንደ ወረደ ወደዚህ እንቅዳው ማለቴ አይደለም። አንድ ትልቅ ልዩነት አለና ግልጹን እንነጋገር። እዚያ ነርስ ያጥራል፣ ስለዚህ አሠሪ ያለችውን ለማቆየት ይሯሯጣል። እዚህ ደግሞ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የጤና ባለሙያ አለ፣ ሐኪም ሳይቀር ሥራ ፈልጎ የሚዞርበት ጊዜ ደርሰናል። የክሊኒክ ባለቤት "ይቺ ብትሄድ በር ላይ ሌላ ቆማለች፣ ለምን አሠለጥናለሁ?" ቢል ሒሳቡ ይገባኛል። ግን ሙሉ ሒሳብ አይደለም። በር ላይ የቆመችው አዲስ ተመራቂ የድንገተኛ መድኃኒቱ ትሮሊ የት እንዳለ አታውቅም፣ የሰፈሩን ስኳር ታማሚ አባት አታውቅም፣ የትኛዋ እናት ቀጠሮ እንደምትረሳ አታውቅም። እስክትለምድ ድረስ ነባሮቹ እሷንም ይሸከማሉ። ስትለምድ ደግሞ፣ ከፍ የምትልበት መንገድ ከሌለ፣ እሷም ትሄዳለች። ዳር ያለ ክሊኒክ ሁልጊዜ አዲስ ሰው ሲያለማምድ የሚኖረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ውይይቱ ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሌሊትም የሚሠራ አንድ ክሊኒክ እናስብ። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአንድ ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ስለዚህ በማንኛውም ሰዓት አንዲት ነርስ ብቻ እንድትኖር ሦስት ተኩል ነርስ ያስፈልጋል። ግማሽ ሰው ስለማይቀጠር አራት ይቀጠራል። አራቱ በሳምንት 192 ሰዓት ይሠራሉ፣ ትርፉ 24 ሰዓት ነው። ከዚህ ላይ የዓመት ፈቃድ ሲነሳ፣ በአዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ የአራቱ ተደምሮ በሳምንት በአማካይ 10 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። 14 ሰዓት ቀረ። አንዷን በሳምንት አንድ ቀን ለትምህርት ብንለቃት 8 ሰዓት ሄደ፣ የቀረው 6 ነው። በልክ በልክ፣ ይቻላል።

አንዷ ስትወልድስ? አዋጁ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል፣ ተገቢም ነው። በእነዚያ አራት ወራት ሦስት ነርስ 144 ሰዓት ነው የምትሠራው፣ ክሊኒኩ ግን 168 ይፈልጋል። ትርፍ ሰዓት ካልተከፈለ ወይም ጊዜያዊ ሰው ካልመጣ ስኬጁሉ አይሞላም፣ ትምህርት የሚባል ነገር ደግሞ ጭራሽ አይነሳም። እስካሁን ያሰብኩትም አንድ ሰው ብቻ ተረኛ ሲሆን ነው። ቀን ቀን አንዷ መርፌ ክፍል፣ ሌላዋ ድሬሲንግ ክፍል መሆን ካለባቸው ቁጥሩ ከነጭራሹ አይበቃም። ስለዚህ ባለ አራት ነርስ ክሊኒክ ሠራተኛውን ለትምህርት የማይለቀው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ለብቻው አይችልም።

አምስት ሆነው ግን ይችላሉ። አምስት ክሊኒኮች በሳምንት አንድ አንድ ነርስ ለአንድ ቀን ቢለቁ፣ የሚጎድለው በድምሩ 40 ሰዓት ነው። አንዲት ነርስ በመደበኛ ሰዓቷ ትሸፍነዋለች። ሰኞ አንዱ ጋ፣ ማክሰኞ ሌላው ጋ፣ ዓርብ አምስተኛው ጋ እየገባች። ደመወዟን አምስቱ ይካፈላሉ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አምስተኛ ይደርሰዋል። የጤና ኬላው ሁለተኛ ሴት ያደረገችውን እሷ ለአምስቱ ታደርጋለች። ነገሩ ከዕቁብ ብዙ አይለይም፣ ሁሉም ይጥላል፣ ለሁሉም ደግሞ በየሳምንቱ ቀኑ ይደርሰዋል። ሰብሳቢ ያስፈልገዋል፣ እሱም ኮሌጁ ወይም የአካባቢው ጤና ጣቢያ ቢሆን ጥሩ ነው። ከክሊኒኮቹ አንዱ ከሆነ ሌሎቹ አያምኑትም። ሽፋን የምትሠራዋ ነርስም አምስቱን ቤት ማወቅ ስላለባት ልምድ ያላት መሆን አለባት፣ ደመወዟም ለዚያ የሚመጥን።

ትምህርቱ የት ይሁን? እኔ እዚያው ዳር እላለሁ። አስተማሪ አንድ ሰው ነው፣ ተማሪዎቹ አሥር አሥራ አምስት። አንድ ሰው ከመሃል ወደ ኮዬ ቢመጣ፣ አሥራ አምስት ሰው ከኮዬ ወደ መሃል ከሚሄድ ይቀላል። የጤና ጣቢያው መሰብሰቢያ አዳራሽ በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት ቢፈቀድ ለንድፈ ሐሳቡ ይበቃል። ለተግባሩ ደግሞ በደቡብ በኩል እንደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ያለ ጠቅላላ ሆስፒታል አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ አለ። ክሊኒክ ውስጥ የማይታይ ብዙ ነገር፣ ከባድ ወሊድ፣ የቀዶ ጥገና ዝግጅት፣ የተጎዳ ሰው አቀባበል፣ እንደዚያ ያለ ቦታ በዙር መታየት አለበት።

የተግባር ልምምድ ላይ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። አሁን ተማሪዎች ተቋም ሲመደቡ ብዙ ጊዜ አንዲት ታካሚ አልጋ ዙሪያ ተደርድረው ይቆማሉ፣ የፊተኞቹ ያያሉ፣ የኋለኞቹ ሠርተናል የሚሉበትን መዝገብ፣ ሎግ ቡኩን፣ ያስፈርማሉ። የምትፈርመው ነርስ ራሷ ሥራ በዝቶባት፣ ለማስተማር ተብሎ የተሰጣት ሰዓትም ክፍያም ሳይኖር ነው። ያልሠራውን ሠርቷል ብላ ብትፈርም ማንን እንወቅሳለን? ስምምነቱ ውስጥ የምታሠለጥነዋ ነባር ነርስ በስም ትጻፍ። ስንት ሠልጣኝ እንደምትይዝ፣ በዚያ ቀን ስንት ታካሚ እንደሚቀነስላት፣ ኮሌጁ ምን እንደሚከፍላት ይጻፍ። ሁለት ሠልጣኝ ይዛ በእርጋታ የምታሳይ ነርስ ከየትኛውም ውድ ቤተ ሙከራ የበለጠ ታስተምራለች ብዬ አምናለሁ። ሲኦሲ ፈተናው ደግሞ ከኮሌጁም ከቀጣሪውም ውጪ ባለ መዛኝ መሰጠቱ ትልቅ ጥቅም ነው። ሁለቱ ተመቻችተው ሰው ቢያሳልፉ እዚያ ይታያል።

ቀጣሪዎች ሁሉ የሚያነሱት ፍርሃት "አሠልጥኜ ለሌላ" ነው። ስለዚህ ግዴታ ያስፈርማሉ። ግዴታ ማስፈረም በራሱ ስህተት አይደለም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ያደርገዋል። ልክ ግን አለው። አንዳንድ ቦታ የሠራተኛውን ኦርጅናል ዶክመንት ተቀብሎ ካዝና ውስጥ መቆለፍ የተለመደ ሆኗል። ዲፕሎማዋ የእሷ ነው። ላለመልቀቋ መያዣ አድርጎ መያዝ ነውር ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የስድስት ወር ሥልጠና ሰጥቶ የአራት ዓመት ግዴታ መጠየቅም እንደዚያው። ልከኛ ውል የከፈለውን ገንዘብ ያሰላል፣ በሠራችው ወር ልክ ዕዳው እየቀነሰ ይሄዳል፣ ብትለቅም የቀረውን ከፍላ ትሄዳለች።

ሰው የሚቆየው ግን በዋናነት በግዴታ አይደለም፣ በደመወዝ ነው። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አንስተው በበርካታ ተቋማት ሥራ አቁመው እንደነበር አንረሳም። ሥልጠና የደመወዝ ምትክ ሆኖ ከቀረበ ማንም አይቀበለውም፣ መቀበልም የለበትም። ሠልጥና ሲኦሲ ካለፈች በኋላ በማግስቱ የሥራ መደቧና ክፍያዋ ካልተቀየረ፣ ይህን ያየችው ጓደኛዋ በሚቀጥለው ዙር አትመዘገብም። ስለዚህ ጭማሪው ስንት እንደሆነ ሥልጠናው ሳይጀመር በቁጥር መጻፍ አለበት። "በአፈጻጸም ታይቶ" የሚል ሐረግ ካለ ምንም አልተጻፈም ማለት ነው።

የዳር ሰፈር አንድ የራሱ ጣጣም አለው። ነርሷ ኮዬ ትኖራለች፣ ገላን ትሠራለች፣ የምትማረው አዲስ አበባ ነው። በአንድ ቀን ሁለት የጤና ቢሮ፣ ሁለት የሥልጠና መዋቅር ታቋርጣለች። አማርኛና አፋን ኦሮሞም ሁለቱም ያስፈልጓታል፣ ግማሽ ታካሚዋ በአንዱ ግማሹ በሌላው ነው የሚያዋያት። ሥልጠናው በሁለቱም ቋንቋ ከታካሚ ጋር መነጋገርን ቢያካትት ለእነዚህ ሰፈሮች ከብዙ ኮርስ ይበልጣል። የወረቀቱን ነገር ደግሞ ኮሌጁ አስቀድሞ ይጨርስ። የትኛው ቢሮ ምዝገባውን እንደሚያጸድቅ፣ ሲኦሲ የት እንደምትፈተን፣ ማስረጃው ወዲያ ማዶ ተቀባይነት ያለው መሆኑን ሠልጣኟ ገንዘብ ከከፈለች በኋላ መስማት የለባትም።

ስለ ነርስ ብቻ ጻፍኩ እንጂ ይበልጥ የተረሱት ሌሎች ናቸው። ጽዳት ሠራተኛዋ፣ ካርድ ክፍል ያለችው፣ ታካሚ በዊልቸር የሚያመላልሰው ራነር። ጽዳቷ በየቀኑ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበትን ሴፍቲ ቦክስ ታነሳለች፣ ደም የነካ ነገር ትለያለች፣ ወደ ማቃጠያው ትወስዳለች። መርፌ ቢወጋት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምን ማድረግ እንዳለባት ያስተማራት ሰው ላይኖር ይችላል። ለእሷ የሚያስፈልገው ዲግሪ አይደለም፣ ጥቂት ቀናት በደንብ የተሰጠ የኢንፌክሽን መከላከል ሥልጠናና የሚታወቅ ማስረጃ ነው። ከዚያ በላይ መሄድ ለምትፈልገውም በሩ ክፍት ይሁን። ከጽዳት ተነስታ ነርስ የሆነች ሴት ያላት የዋርድ ዕውቀት ከመጽሐፍ አይገኝም። የኒውዮርኩን ፈንድ የወደድኩት አንዱ ምክንያት እነዚህን ሰዎች ከመጀመሪያው ስለቆጠራቸው ነው።

ማን ይጀምረው ለሚለው፣ የሚኒስቴር መመሪያ እስኪወጣ መጠበቅ ያለበት አይመስለኝም። አንድ ጤና ጣቢያ፣ በዙሪያው ያሉ አምስት ክሊኒኮችና አንድ ፈቃደኛ ኮሌጅ ይበቃሉ። የሚነጋገሩበት ወቅት ከምዝገባ በፊት ይሁን፣ የዱቲ ስኬጁልና የትምህርት ፕሮግራም ጎን ለጎን መውጣት ስላለባቸው። ስብሰባው ላይ ቢያንስ አንዲት ሌሊት የምትሠራ ነርስ ትኑር። ባለቤቶቹ ሳያስተውሉት የሚያልፉትን የሰዓት ክፍተት እሷ ወዲያው ታሳያቸዋለች።

አንቺም ይህን የምታነቢ ነርስ ከሆንሽና አሠሪሽ ላስተምርሽ ብሎ ወረቀት ቢያቀርብልሽ፣ አራት ነገር ፈልጊ። በሳምንት ስንት ሰዓት ከሥራ እንደምትለቀቂ፣ ያ ሰዓት ደመወዝ የሚከፈልበት መሆኑን፣ ሲኦሲ ስታልፊ ደመወዝሽ ስንት እንደሚሆን፣ ብትለቂ ዕዳሽ በየወሩ እንዴት እንደሚቀንስ። አንዱ እንኳ ከጎደለ ከመፈረምሽ በፊት ይጻፍልኝ በዪ፣ ከተጻፈ በኋላም አንድ ቅጂ ይዘሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ።